ሽሮ የበላው ጠመንጃ

ሮም ውስጥ ጠመንጃ ሽሮ ያበላሁ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዛሬ ለልጆቼ ሳወራው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ በሆነበት ሰሞን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ደርግ ከመጣ በኋላ በቤት ሠራተኛነት ኮንትራት ከአዲስ አበባ ከወጡት ብዙ ሴቶች አንዷ ነኝ። የደረስኩት አንድ ጠመንጃ ሠሪ ሽማግሌ ቤት ነው። ሥራዬ የታመሙ ሚስታቸውን ማስታመም ነበር። ሁለት ዓመት አስታመምኳቸው፤ አረፉ። ከቀብር መልስ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ሰውየው በሩ ላይ ቆመው አዩኝና፣ «ምነው፣ እኔስ ምሳ አልበላም?» አሉኝ። በዚሁ ቀረሁ። ብቻውን ከሚኖር ወንድ ቤት ማደር ግን ደግ አልመሰለኝም፤ ሽማግሌም ቢሆኑ ወንድ ወንድ ነው። ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር ከአንዲት የአስመራ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ፣ ጠዋት እየሄድኩ ማታ እመለስ ጀመር።

ሰፈሩ ሁሉ «ማስትሮ» ይላቸው ነበር፤ እኔም እንደዚያው። አጭር፣ ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ቁጣቸው ግን በብረት ላይ እንጂ በሰው ላይ አልነበረም። አንዲት ብሎን አልፈታ ካለቻቸው እናቷን፣ አያቷን፣ የተወለደችበትን ፋብሪካ ሳይቀር ይሰድቡና ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብለው ይቅርታ ይጠይቁኛል። እኔም ቁጡ ነኝ፤ ስለዚህ ተስማማን።

ሥራ ቤታቸው ከመኖሪያቸው ሥር፣ ምድር ቤት ነበር። መጀመሪያ የምወርደው ምሳ ላደርስላቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁለት እጃቸው ተይዞ «ካቻቪቴ!» ብለው ለራሳቸው ሲጮኹ አንስቼ አቀበልኳቸው። «ፒንሳ!» አሉ፤ ሰጠኋቸው። ሳይነግሩኝ ብረት መያዣውን፣ ሞርሳውን፣ አጠበቅሁላቸው። አፍጥጠው አዩኝ። አባቴ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ምሳውን ሳመላልስ ነው ያደግሁት። የመሣሪያዎቹን ስም ጣልያኖቹ ትተውልን ሄደዋል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ቀላ፤ አገራቸው አገሬ ላይ ምን እንዳደረገች ለማወቅ ዕድሜያቸው ይበቃል። «ደግ ነገር ካቻቪቴውን ብቻ ነው የተውነው ማለት ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ከምሳው ይልቅ ሥራ ቤቱ ውስጥ የማሳልፈው ሰዓት በዛ።

የማስትሮ ዋና ሙያ ያረጀ ጠመንጃ አፈሙዝ መለወጥ ነበር። ጠመንጃ የሚያረጀው ከውስጥ ነው። ሰደፉ እያብረቀረቀ፣ ብረቱ እያማረ፣ ቱቦው ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች በእሳት እየተላጡ ያልቃሉ፤ ጥይቱም እንደ ሰካራም ወደፈለገው ይሄዳል። ማስትሮ አሮጌውን አፈሙዝ ነቅለው ከሰሜን ጣልያን የሚመጣ አዲስ ብረት በቶርኖ አስተካክለው ይተክሉበታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥይቱ የሚገባበትን ቤት፣ መጉረሻውን መቅረጽ ነው። ጥርስ ባለው መቅረጫ በእጃቸው እያዞሩ ትንሽ ይቆርጣሉ፤ ያወጣሉ፤ ፍቅፋቂውን ይጠርጋሉ፤ ዘይት ያጠጣሉ፤ ይለካሉ፤ እንደገና ትንሽ ይቆርጣሉ። በዚህ ጊዜ ማንም እንዲያወራቸው አይፈልጉም፤ ሬዲዮውም ይዘጋል። እጃቸው ያን ያህል ወፍራም ሆኖ ያን ያህል ቀስ ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

አንድ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ነበራቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ የከርከሮ አዳኝ። በዚያ ዓመት አዳኙ ቀኝ ትከሻቸውን በቀዶ ጥገና አሠርተው፣ ሐኪሙ ጠመንጃ እንዳይነኩ ከለከላቸው። ጠመንጃ ሲተኮስ ይራገጣል፤ ያን ርግጫ የሚቀበለው ደግሞ ትከሻ ነው። አዳኙ መጥተው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጋራ አጨሱ። ማስትሮ ወዳጃቸው በኅዳሩ አደን ጫካ ካልገቡ የሚሞቱ መሰላቸው። «የማይራገጥ እሠራልሃለሁ» አሏቸው።

ለማይራገጥ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ሱቅ ውስጥ አይሸጥም፤ ፋብሪካም አያውቀውም። ከአንድ ዓይነት ጥይት ቀለሁን ወስደው አንገቱን እየጨመቁ ለሌላ፣ ለቀጠነ እርሳስ፣ ማለት ተወንጭፎ ለሚሄደው የጥይት ራስ፣ ያስማሙታል፤ አፈሙዙም ለዚያ ጥይት ብቻ ይቀረጻል። እኔ «ዲቃላ ነው» አልኩና ትርጉሙን ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ እሳቸውም «ላ ዲቃላ» ይሉት ጀመር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረቀት ላይ እየሳሉ፣ እየተሰዳደቡ፣ ስለ ዲቃላዋ አንገት ቀጭንነት ስለ ሴት እንደሚያወሩ ሲያወሩ ምሳው ይቀዘቅዛል።

ታዲያ የተጨመቀው ቀለህ ወዲያው ለአደን አይሆንም። መጀመሪያ አዲሱ መጉረሻ ውስጥ ገብቶ፣ በእሳት ተነፍቶ፣ የቤቱን ቅርጽ መያዝ አለበት። ለዚህ እርሳስ አያስፈልግም። ትንሽ ባሩድ ይደረግና ከላይ ቀለሁን የሚሞላ ሰሞሊኖ፣ ማለት የስንዴ ቅንጬ የመሰለ ዱቄት፣ ይጨመራል፤ አፉ በሳሙና ይደፈናል። ከዚያ በአሸዋ የተሞላ ሳጥን ውስጥ ይተኮሳል። ባሩዱን የሚያደርጉት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ሰሞሊኖውና ሳሙናው ግን የእኔ ሥራ ሆነ። በሻይ ማንኪያ ሞልቼ፣ ሳሙናውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ በተርታ አቆማቸዋለሁ። «ወጥ ቤት የሚያውቅ እጅ» ብለው ሲያመሰግኑኝ ኩራቴ አይጣል ነው።

አዲሱ አፈሙዝ ለመተኮስ የደረሰው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነበር። ሮምን በነሐሴ ያየ ያውቀዋል። እኛ ለእመቤታችን ፍልሰታን ስንጾም እነሱ ለዚያችው ለእመቤታችን በዓል ባሕር ይወርዳሉ፤ ከተማው ጭር ይላል። ሰሞሊኖው አለቀ። የሰፈሩ ሱቅ ዝግ፣ የሚቀጥለው ሰፈር ሱቅ ዝግ። ትልቁ ገበያ ፒያሳ ቪቶሪዮ ድረስ ሄጄ ከሁለት የሐብሐብ ሻጮች በቀር ሰው አጣሁ። በማግስቱ ደግሞ ማስትሮ ባሕር ዳር ወዳለችው እህታቸው ይሄዳሉ፤ ዛሬ ካልተኮሱ ሥራው ሊቆም ነው። ቦርሳዬ ውስጥ በጣሳ የተሞላ የእናቴ ሽሮ ነበረኝ። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው የተላከ፣ ለጾሙ ምሳዬ የያዝኩት ነው። ዱቄት ዱቄት ነው አልኩ በልቤ። ማስትሮን በዚህ ላስቸግራቸው? ምን ሲደረግ! ሃያውንም ቀለህ በሽሮ ሞላሁና በሳሙና ደፈንኩ።

ተኮሱ። ሃያ ጊዜ «ጧ» አለ፤ ምድር ቤቱም የእናቴን ጓዳ ሸተተ። ማስትሮ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «ዛሬ ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ። «ሽሮ» አልኩ፤ አልዋሸሁም። «ለእኔም አንድ ሳህን» አሉ። ከቀረው ሠርቼ አብረን በላን። ከዚያ አፈሙዙን እንደ ልማዳቸው በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት፤ ቀጥሎ ዘይት የነካ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አሳለፉበት። አጠገባቸው ቆሜ በዓይኔ ነው ያየሁት።

በአሥረኛው ቀን ከባሕር ተመለሱ። ፀሐይ አቃጥሏቸው፣ ደስ ብሏቸው፣ ለእኔ የአሸዋ ላይ ዛጎል ይዘው ገቡ። ጠመንጃውን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩት።  ነጭ ጨርቅ በዘንግ አሳለፉ፤ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደገሙት፤ ቀይ። አዲሱ አፈሙዝ ከውስጥ ዝጓል።

ጨርቁን ልጥለው ተቀበልኳቸው። ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ስሄድ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። በጣቴ ነክቼ ምላሴ ላይ አደረግሁት። ጨው ነው። የእናቴ ሽሮ ከነበርበሬው፣ ከነኮረሪማው፣ ከነጨው የተመጠነ ነው፤ ውኃ ብቻ ጨምረሽ ብይ ብላ ነው የምትልክልኝ። ጨው ደግሞ ብረት ላይ ምን እንደሚያደርግ የቶርኖ ሠራተኛ ልጅ አይጠፋኝም። ዘይት አያወጣውም፤ ሥር ሥሩን ሲበላ ይሰነብታል። 

ይህን ጊዜ ማስትሮ ከኋላዬ፣ «ዘይቱን ጨርቅ ሳሳልፍ አይተሻል?» አሉኝ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ማሳለፌን አስታውሳለሁ መሰለኝ፤ ግን እንዲህ ከሆነ አላሳለፍኩም ማለት ነው። አይተሻል?»

«ልብ አላልኩም» አልኩ።

ይቺ ናት ኃጢአቴ። ሽሮው ሞኝነት ነው፤ ይቺ ግን ክፋት ናት። በጥቅምት ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ዘንድ፣ የምሄደው በእሳቸው ፊርማ ነው። ፔርሜሶ ከሌለ ወደ አገር ቤት፤ ወንድሜ ከደርግ ጠፍቶ ከአገር በወጣበት ሰሞን አገር ቤት ገብቼ በየቀበሌው ወንድምሽ የት ነው እየተባልኩ ልጠየቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ይህ ሁሉ በራሴ ውስጥ ዞረ፤ አፌም ሳላስበው ተናገረ።

ማስትሮ አልጮኹም፤ ብረቱንም አልሰደቡም። ቢሳደቡ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሚስታቸው መጨረሻ ላይ ሰው መለየት ተስኗቸው ነበር፤ እሳቸውም ያ ነገር ወደ እሳቸው የመጣ መሰላቸው። «ዘይት የረሳ ነገ ደግሞ ሌላ ይረሳል። እኔ የምረሳው ነገር ሰው ይገድላል» አሉኝ። ቶርኖውን ሸፈኑት። ለአዳኙ መልእክት ላኩ። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ያዩታል። እኔ ደግሞ ወለሉን ሁለቴ ሦስቴ እጠርጋለሁ።

ማታ ማታ የአስመራዋ ጓደኛዬ ከበር ሳልገባ ትጀምረኛለች።

«አሎራ፣ እህሳ፣ ነገርሻቸው?»

«ፔርሜሶዬ በጥቅምት ነው አላልኩሽም?»

«እና ፔርሜሶሽን በሽሮ ልትሞዪው ነው? ሰውየው እኮ በቁማቸው እየሞቱልሽ ነው!»

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ያንቺ ሲኞራ ከፈረመችልሽ ቆይታለች።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ዝም በያ። ግን ሌሊት እየተገላበጥሽ አትቀስቅሺኝ፤ እኔ ጠዋት ሥራ አለኝ።»

እሑድ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበርክኬ፣ አፈሙዙ በራሱ እንዲድን ለመንኩ። ዝገት በጸሎት አይለቅም። በሦስተኛው ሳምንት ማስትሮ ወደ ማድቤት መጥተው አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። የእኔ የሥራ ወረቀት ነው፤ ፈርመውበታል። «ሥራ ቤቱን ስዘጋ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ያኔ ችግር ላይ እንዳትወድቂ ብዬ አስቀድሜ ፈረምኩልሽ። ለአንድ ዓመት ያገለግልሻል፤ እስከዚያ ደህና ቤት ትፈልጊያለሽ። ነገ ቶርኖውን የሚገዛ ሰው ሊለካው ይመጣል» አሉ።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የፈለግሁት ሁሉ እጄ ላይ ነው። አሁን ዝም ብል ማንም ምንም አያውቅም። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

በማግስቱ ገዢው ሳይመጣ አዳኙ ቀድመው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያችን ጠመንጃ መሐላቸው አጋድመው እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠዋል። አዳኙ፣ «ተወው፣ እኔም አርጅቻለሁ። የአንተ እጅ ከቆመ የእኔም ትከሻ ይቁም» ሲሉ ሰማሁ። የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ፣ «ሽሮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱም ዞረው ምሳውን አዩ። ምሳው ፓስታ ነበር።

«ጠመንጃውን ያዛገው ሽሮ ነው! ሰሞሊኖ አልቆ የእናቴን ሽሮ ሞላሁበት፤ ሽሮው ደግሞ ጨው አለበት! እርስዎ ዘይቱን አሳልፈዋል፤ አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያሳለፉት። ምንም አልረሱም!» አልቅሼ ነው የተናገርኩት፤ ግማሹን በጣልያንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ጣሳውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። ማስትሮ ጣታቸውን ከተው ቀመሱ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ጨው» አሉ ቀስ ብለው። አዳኙም ቀመሱ። ከዚያ ማስትሮ ሳቁ። ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «እኔ አይደለሁም! ሰማህ? እኔ አይደለሁም!» እያሉ ወዳጃቸውን በደህናው ትከሻቸው ላይ ይመቷቸዋል።

ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቃቸው ቆመ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«የዚያኑ ዕለት።»

«ሦስት ሳምንት» አሉ።  ሁለት ቀን ሙሉ ከመሣሪያ ስም በቀር አላናገሩኝም፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ። ይገባኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቡናዬን ራሳቸው ቀድተው ሰጡኝና፣ «ሁለተኛ እውነት እንዳትደብቂኝ፤ ብታዝኚልኝም እንዳትምሪኝ» አሉ። «እሺ» አልኩ። እንደ መሐላ ነው ያልኩት።

ዝገቱ የከፋው መነሻው ላይ፣ መጉረሻው አካባቢ ነበር። ማስትሮ በዚያ በኩል ከአፈሙዙ ወደ አራት ጣት ቆርጠው ጣሉና መጉረሻውን እንደገና ቀረጹ፤ የቀረውን ቀናት ሙሉ እየፈተጉ አጸዱት። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጠመንጃ መፈተሻው ተልኮ ተፈትኖ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። አዳኙ አምስት ጊዜ ተኩሰው ሲሞክሩት አምስቱም ቀዳዳዎች በሲኒ አፍ የሚሸፈኑ ሆኑ፤ ትከሻቸውም ምንም አላላቸውም። ኅዳር ላይ አንድ ከርከሮ ገደሉና ከነጠጉሩ አንድ እግር በጋዜጣ ጠቅልለው ለእኔ ስጦታ አመጡልኝ። የአሳማ ዘመድ እንደማልበላ፣ በዚያ ላይ የነቢያት ጾም እንደገባ ባስረዳቸው ባስረዳቸው አልገባቸውም። ማስትሮ፣ «እሷ የምታውቀው ሽሮ ብቻ ነው፤ ለጠመንጃም እሱኑ ነው የምታበላው፤ ተዋት» አሏቸው። እግሩን እየተሳለቁ ሁለቱ በሉት።

ከዚያ በኋላ ሦስት መልካም ዓመታት ሠራን። አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ብሎን ሲጠፋ፣ አምፑል ሲቃጠል እንኳ «ሽሮ ነው!» ይላሉ። እኔም እስቃለሁ።

በአራተኛው ዓመት አንድ ማለዳ የአንድ ደንበኛ አፈሙዝ መጉረሻ ሲቀርጹ አጠገባቸው ነበርኩ። ሲጨርሱ ሁለት የብረት መለኪያ ተራ በተራ ያስገባሉ። በመጀመሪያው ላይ ማቀባበያው መዘጋት አለበት፤ በሁለተኛው ላይ እምቢ ማለት አለበት። በሁለተኛውም ላይ ከተዘጋ መጉረሻው ከሚገባው በላይ ጠልቋል፤ ቀለሁ ውስጡ ሊቀደድ፣ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው ላይ ተዘጋ። ከፈቱት፤ መልሰው ሞከሩት፤ ተዘጋ።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እየለመነኝ ነበር። በከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ «አንቺ ነሽ? የሆነ ነገር ነክተሻል?» አሉኝ።

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! መቅረጫውን ሳጸዳ አዛብቼው ይሆናል ብል ይስቁ ነበር፤ ግንባሬን ይስሙኝ ነበር። ያ ጠመንጃ ተጥሎ ሥራው ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ጠመንጃ ደግሞ የሰው ፊት ላይ ይፈነዳል።

«አይደለሁም፣ ማስትሮ። አልነካሁም» አልኩ። «ሲቆርጡ አይቻለሁ። ሳይለኩ ሦስት ጊዜ ቆረጡ። ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ አድርገው ነበር፤ ያኔ እንደ ዕድል ሆኖ ዳነ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። መቅረጫውን ጠረጉ፤ ቶርኖውን ለመጨረሻ ጊዜ ሸፈኑት። «ቫ ቤኔ» አሉ። ቁጣ የለ፣ ክርክር የለ። እህታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ተወው ይበቃሃል ብላ ለምናቸዋለች፤ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ አዳኙ እንኳ በዘዴ ሞክረዋል። የማንንም አልሰሙም። እኔን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው አመኑኝ። ባያምኑኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።